እጅን የሚቆጥር ዓይን፦ የእጅ ንጽህና የኤሌክትሮኒክስ ክትትል ምን አስተማረ? ምንስ ጎደለው?

መግቢያ

የእጅ ንጽህና በሕክምና ተቋማት ውስጥ ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው የሚተላለፉ ኢንፌክሽኖችን ለመግታት ካሉን ዘዴዎች ሁሉ ቀላሉና ርካሹ እንደሆነ ደጋግመን እንሰማለን፤ ደጋግመንም እናስተምራለን። ዳሩ ግን ቀላል የተባለው ነገር በሥራ ላይ ሲታይ ከባድ ሆኖ መገኘቱ ከባለሙያው የተሰወረ አይደለም። ከመፈጸሙም ይልቅ የሚከብደው መለካቱ ነው። አንድ ነርስ ወይም አንድ ሐኪም በአንድ ፈረቃ ውስጥ እጁን ማጽዳት የሚገባው ስንት ጊዜ ነው? ከእነዚህስ ውስጥ ያጸዳው ስንቱን ነው? ለዚህ ጥያቄ የማያሻማ መልስ ለማግኘት ከሕሙማን አልጋ አጠገብ ቀንና ሌሊት ሳይለይ የሚቆም ምስክር ያስፈልጋል። በዚህ ክፍለ ዘመን በተለይም በሰሜን አሜሪካ ሆስፒታሎች ይህን የምስክርነት ሥራ ለኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የመስጠት ጥረት እየተስፋፋ መጥቷል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከእነዚህ ጥረቶች መካከል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰውን አንድ ጥናትና ከእርሱ በኋላ የወጡ ጥቂት ሥራዎችን ነው። ዓላማችን መሣሪያውን ለማወደስም ሆነ ለማውገዝ አይደለም። ጥናቶቹ ጎን ለጎን ሲነበቡ አንድ ቁም ነገር ያሳያሉ ብለን እናምናለን፤ ይኸውም መሣሪያው ወደ ሥራው ሁኔታ ሲዞር የሚያስተምር፣ ወደ ሠራተኛው ብቻ ሲዞር ግን ጥቅሙ የማይዘልቅ መሆኑ ነው። ይህ ልዩነት መሣሪያው ለሌላቸው ተቋማትም ትርጉም አለው።

በዓይን የሚደረግ ቆጠራና ጉድለቱ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የእጅ ንጽህና መመሪያ ባለሙያው እጁን ማጽዳት የሚገባውን ጊዜ በአምስት ከፍሎ አስቀምጧል። እነዚህም ሕመምተኛውን ከመንካት በፊት፣ ንጽህናው የተጠበቀ ወይም ከጀርም የጸዳ አሠራር የሚጠይቅ ተግባር ከመጀመር በፊት፣ ከሰውነት ፈሳሽ ጋር ንክኪ ካጋጠመ በኋላ፣ ሕመምተኛውን ከነኩ በኋላ፣ እንዲሁም በሕመምተኛው ዙሪያ ያሉትን ዕቃዎች ከነኩ በኋላ ናቸው። እጅን በአልኮል ለማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውሃና በሳሙና ለመታጠብ ደግሞ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ያስፈልጋል። አፈጻጸሙን ለመለካት የሠለጠነ ታዛቢ በክፍሉ ተገኝቶ በአንድ የምልከታ ወቅት ለእያንዳንዱ ክፍል 200 ያህል አጋጣሚዎችን በቅጽ ላይ እንዲመዘግብ ይመከራል።

ይህ ዘዴ ዋና መመዘኛ ሆኖ የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። ታዛቢው አስተዋይ ነው። አንዲት ነርስ የሽንት ከረጢት ካፈሰሰች በኋላ እጇን ሳታጸዳ የደም ሥር መስመር ስትይዝ ቢያይ የጎደለው ምን እንደሆነ ያውቃል። እጁን አልኮል ነካ አድርጎ ያለፈውንና በሚገባ ያሸውንም ይለያል።

ሆኖም ሁለት ትልልቅ ጉድለቶች አሉበት። አንደኛ፣ የሚያየው እጅግ ጥቂት ነው፤ በአብዛኛው በቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ለአጭር ጊዜ ይቆማል። ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ የታዛቢው መገኘት ራሱ የሚታየውን ነገር መለወጡ ነው። ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ጠባዩን ያርማል። ይህ ክስተት በቺካጎ አቅራቢያ በነበረው የሆውቶርን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከተካሄዱት ጥናቶች ስሙን ወስዶ የሆውቶርን ክስተት በመባል ይታወቃል።

የክስተቱን መጠን በአኃዝ ያሳየን የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 «ቢኤምጄ ኳሊቲ ኤንድ ሴፍቲ» በተባለው መጽሔት የወጣ የቶሮንቶ ጥናት በሳሙናና በአልኮል ማፍሰሻዎች ላይ የተገጠሙ ቆጣሪዎችን መዝገብ ከታዛቢዎች እንቅስቃሴ ጋር አነጻጽሯል። ታዛቢው ሊታይ በሚችልበት ኮሪደር ላይ ያሉት ማፍሰሻዎች ታዛቢ ከሌለበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸሩ ሦስት እጥፍ ያህል አገልግሎት ሰጥተው ተገኙ።

የዚህ ውጤት ትርጉም ቀላል አይደለም። በየክፍሉ ግድግዳ የሚለጠፈው፣ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት የሚጻፈው ከፍተኛ መቶኛ የክፍሉን ልማድ ሳይሆን የታዛቢውን መምጣት የሚለካ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቁጥሩን አምኖ ኃላፊው ይረካል፤ በጀት ወደ ሌላ ይዞራል፤ በሌሊት ፈረቃ ግን በአዲስ በተወለደው ሕፃን አልጋ ላይ የሚሆነው ሌላ ነው። የመሣሪያው የመጀመሪያ ውለታ ይህን የራሳችንን ማታለል ገልጦ ማሳየቱ ነው።

የማንሃሴቱ ጥናት

በሥራ ላይ የዋሉት መሣሪያዎች ዓይነታቸው ብዙ ነው። አንዳንዶቹ ማፍሰሻው ስንት ጊዜ እንደተጫነ ብቻ ይቆጥራሉ። ሌሎች በሠራተኛው ደረት ላይ በሚንጠለጠል ባጅ አማካይነት ማን ወደ ክፍሉ እንደገባና እጁን እንዳጸዳ ይመዘግባሉ። ሦስተኛው ዓይነት ካሜራ ነው።

የካሜራውን ዘዴ በስፋት ያስተዋወቀው በኒውዮርክ ግዛት በማንሃሴት ከተማ በሚገኘው ኖርዝ ሾር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተደረገው ጥናት ነው። አርመሊኖና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 «ክሊኒካል ኢንፌክሽየስ ዲዚዝስ» በተባለው መጽሔት አሳትመውታል። ጥናቱ የተካሄደው 17 አልጋዎች ባሉት የፅኑ ሕሙማን ክፍል ነው። እያንዳንዱን የእጅ መታጠቢያና የአልኮል ማፍሰሻ የሚያሳዩ ካሜራዎች ተሰቀሉ፤ በበሮች ላይ ደግሞ ሰው መግባቱንና መውጣቱን የሚለዩ ሴንሰሮች ተገጠሙ። ምስሉን ከሆስፒታሉ ውጭ ያሉ መርማሪዎች እየተመለከቱ የገባው ወይም የወጣው ባለሙያ እጁን ካጸዳ «አለፈ»፣ ካላጸዳ «ወደቀ» ብለው መዘገቡ። ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደዘገበው ምስሎቹ የሚመረመሩት በሕንድ አገር ባሉ ሠራተኞች ነበር።

ሥራው በሁለት ምዕራፍ ተከፍሏል። በመጀመሪያዎቹ 16 ሳምንታት ካሜራዎቹ እየቀረጹ ውጤቱ ግን ለሠራተኞቹ አልተነገረም። በቀጣዮቹ 91 ሳምንታት ውጤቱ በኮሪደሩ በተሰቀሉ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ላይ ያለማቋረጥ ይታይ፣ ለኃላፊዎችም በኢሜይል ይላክ ጀመር። በመጀመሪያው ምዕራፍ ከ60,542 አጋጣሚዎች እጅ የጸዳው በ3,933 ብቻ ነበር፤ ይህም ከ10 በመቶ በታች ነው። ግብረ መልስ መስጠት በተጀመረባቸው 16 ሳምንታት አፈጻጸሙ 81.6 በመቶ ደረሰ። ከዚያ በኋላ በነበሩት 75 ሳምንታት ደግሞ 87.9 በመቶ ሆኖ ዘለቀ። ተመራማሪዎቹ በቀጣዩ ዓመት በቀዶ ሕክምና ፅኑ ሕሙማን ክፍል ደግመው ሞክረው ተመሳሳይ መሻሻል ማግኘታቸውን አስታውቀዋል።

ጥናቱ ያሳየውና ያላሳየው

ይህን የመሰለ ለውጥ በእጅ ንጽህና ጥናቶች ዘንድ እምብዛም አይገኝም። የተቆጠሩት አጋጣሚዎች ብዛትና ውጤቱ ከአንድ ዓመት በላይ መዝለቁ ሊመሰገን ይገባል። ይሁን እንጂ ጥናቱን የሚጠቅሱ ብዙዎች «ካሜራ ሲሰቀል እጅ ይታጠባል» የሚል ትርጉም ሲሰጡት ይሰማል። አኃዞቹ ግን ይህን አይሉም። ካሜራው በመጀመሪያዎቹ 16 ሳምንታትም ተሰቅሎ ነበር፤ አፈጻጸሙም ከ10 በመቶ አልዘለለም። የተለወጠው ነገር የሰሌዳው መብራት ነው። ቁጥሩ ወደ ባለቤቶቹ ሲመለስ፣ ሐኪሙና ነርሷ በኮሪደሩ ሲያልፉ የክፍላቸውን ውጤት አብረው ሲያዩት፣ ያን ጊዜ እጁም ተለወጠ።

ይህን ከቶሮንቶው ውጤት ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ሁለቱ ጥናቶች የለኩት አንድ ዓይነት ነገር ስላልሆነ አኃዛቸውን በቀጥታ ማስተያየት አይቻልም። ነገር ግን አቅጣጫቸው ይናገራል። በቶሮንቶ በአካል የቆመና የሚታወቅ ሰው እጅን ወደ ማፍሰሻው ሳበ። በማንሃሴት ምንም የማይመልስ ዓይን ለ16 ሳምንታት አፍጥጦ ክፍሉን በነበረበት ተወው። የጤና ባለሙያ የሚያየው ብቻ ሳይሆን የሚያነጋግረው ይፈልጋል ብንል ከማስረጃው የራቅን አይመስለንም።

ሁለተኛው ትችት የሚነሳው ከበሩ ነው። መሣሪያው የሚቆጥረው መግባትንና መውጣትን ነው። መግባት ሕመምተኛውን ከመንካት በፊት የሚለውን፣ መውጣት ደግሞ ከነኩ በኋላ የሚሉትን አጋጣሚዎች በግምት ይወክላሉ። በመካከል ያሉት ሁለቱ፣ ይኸውም ከጀርም የጸዳ ተግባር ከመጀመር በፊት እና ከሰውነት ፈሳሽ ንክኪ በኋላ የሚፈጸሙት፣ ከበሩ ውስጥ፣ ከአልጋው አጠገብ ያልፋሉ። ካቴተር ወደ ደም ሥር ሲገባ፣ ቁስል ሲታሸግ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ሲጸዳ ሕመምተኛውን የሚጠብቀው የዚያች ቅጽበት እጅ ነው። በበሩ ላይ «አለፈ» የተባለ ባለሙያ በአልጋው አጠገብ ሊወድቅ ይችላል። ማፍሰሻውን መጫንም እጅን በሚገባ ማሸት ማለት አይደለም፤ ቆጣሪ ግን ሁለቱን አይለይም።

ሦስተኛው የጥናቱ አወቃቀር ነው። በአንድ ክፍል ከድርጊቱ በፊትና በኋላ የተደረገ ንጽጽር እንጂ መቆጣጠሪያ ቡድን ያለው ጥናት አይደለም። ዋና መለኪያውም የእጅ ንጽህና እንጂ የኢንፌክሽን መጠን አይደለም። እዚህ ላይ የታሪክ ማስታወሻ መጥቀስ ተገቢ ይሆናል። ዶክተር ኢግናዝ ሰመልዋይስ እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ሐኪሞችና ተማሪዎች እጃቸውን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠቡ ሲያዝዙ የተመለከቱት የሟች እናቶችን መዝገብ ነበር። በሚያዝያ ከ18 በመቶ በላይ የነበረው የወላዶች ሞት በሰኔ ከ3 በመቶ በታች ወረደ። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም በዶክተር ዲዲየ ፒቴ መሪነት ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2000 «ላንሴት» ባወጣው ሥራ ሁለቱንም ለክተዋል። የእጅ ንጽህና አፈጻጸም እ.ኤ.አ. በ1994 ከነበረበት 48 በመቶ በ1997 ወደ 66 በመቶ ከፍ ሲል በሆስፒታሉ ውስጥ የሚያዙ ኢንፌክሽኖች ሥርጭት ከ16.9 ወደ 9.9 በመቶ ዝቅ ብሏል። የጄኔቫው ሥራ ካሜራም ባጅም አልነበረውም፤ አልኮሉን ወደ አልጋው አጠገብ አቀረበ፣ ሠራተኞቹን በግድግዳ ጽሑፎች ዝግጅት አሳተፈ፣ ውጤቱን መልሶ ነገራቸው። የ66 በመቶው አፈጻጸም ከማንሃሴቱ 87.9 ጋር ሲታይ ያነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ከጎኑ የሕሙማን ዕጣ ተጽፎበታል።

በመጨረሻም የጥናቱ ርዕስ ራሱ ሊነበብ ይገባዋል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከፍተኛ ቴክኖሎጂን በመጠቀም ዝቅተኛ ቴክኖሎጂ የሚጠይቁ የደኅንነት እርምጃዎችን ማስፈጸም» የሚል ሐሳብ ይዟል። «ማስፈጸም» የሚለው ቃል የሕግ አስከባሪ ቃል ነው። ችግሩ የእምቢተኝነት እንደሆነ አስቀድሞ ወስኖ ይነሳል። ይህ ውሳኔ ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚፈትኑት ቀጥለው የወጡት ሥራዎች ናቸው።

መሣሪያው ሲነሳና ሥጋት ሲያልፍ

እ.ኤ.አ. በ2017 «ማኔጅመንት ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በአሜሪካ 42 ሆስፒታሎች ውስጥ ባሉ 71 ክፍሎች ከ5,000 በላይ ባለሙያዎችን በባጅ አማካይነት ለሦስት ዓመት ተኩል ያህል ተከታትሏል። ክትትሉ ሲጀመር አፈጻጸሙ በግልጽ አደገ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ማሽቆልቆል ጀመረ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ክትትሉ በተቋረጠባቸው ክፍሎች የታየው ነው፤ አፈጻጸሙ ወደ ቀድሞው ደረጃ በመመለስ አላበቃም፣ ክትትሉ ከመጀመሩ በፊት ከነበረበትም በታች ወረደ።

ይህን ውጤት በጥሞና ማሰብ ይገባል። ባለሙያው ቀድሞ እጁን ያጸዳ የነበረው በከፊልም ቢሆን ለሕመምተኛው ብሎ ነው። መሣሪያው ሲመጣ ምክንያቱ ተለወጠ፤ ለቆጣሪው ማጽዳት ጀመረ። ቆጣሪው ሲነሳ አዲሱ ምክንያት አብሮ ተነሳ፤ የቀድሞው ግን በቦታው አልተገኘም። ለዚህ ሌላ ማብራሪያ ሊሰጥ እንደሚችል አንክድም። ሆኖም በጀቱ በዕርዳታ የተገኘ፣ ጥገናው በውጭ አገር ባለሙያ የሚሠራ መሣሪያ ለመትከል የሚያስብ ማንኛውም ተቋም ከዚህ የከፋ ማስጠንቀቂያ አያገኝም። መሣሪያው የሚበላሽበት ቀን ይመጣልና።

ሌላው ምስክር የኮቪድ 19 ወረርሽኝ ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወረርሽኙ ሲገባ የእጅ ንጽህናን የሚቆጥር አውቶማቲክ ሥርዓት ቀድሞውኑ ተተክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ዘገባ መሠረት በማርች 2020 መጨረሻ የዕለቱ አፈጻጸም ከ90 በመቶ በላይ ደረሰ። በኦገስት የወሩ አፈጻጸም ከ60 በመቶ በታች ተመለሰ። በሁለቱም ወቅት መሣሪያው ያው ነው፤ የተለወጠው በባለሙያው ልብ የነበረው ሥጋት ነው። ለራሱና ለቤተሰቡ ሲፈራ እጁ ጸዳ፤ ፍርሃቱ ሲለመድ እጁም ወደ ልማዱ ተመለሰ። በአገራችንም የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታወቀ በኋላ በየተቋሙ በር የቆሙት የእጅ መታጠቢያ በርሜሎች ወረፋ እንደነበራቸውና ኋላም ብዙዎቹ ውሃ አልባ እንደሆኑ አንባቢ ያስታውሳል። ፍርሃትም ካሜራም ለጊዜው ይሠራሉ፤ ሁለቱም የልማድን ቦታ አይተኩም።

ድካምን የመሰከረ ቆጣሪ

እስካሁን ያነሳነው ሁሉ መሣሪያውን የሚነቅፍ መስሎ ከታየ ሚዛኑን የሚያስተካክል አንድ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 «ጆርናል ኦፍ አፕላይድ ሳይኮሎጂ» ላይ የወጣ ጥናት በ35 ሆስፒታሎች ከ4,000 በላይ ባለሙያዎች ከተመዘገቡ 13.7 ሚሊዮን አጋጣሚዎች ተነስቶ ማን አጠፋ ብሎ ሳይሆን መቼ ይጎድላል ብሎ ጠየቀ። በ12 ሰዓት ፈረቃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አፈጻጸሙ በአማካይ በ8.7 መቶኛ ነጥብ እንደሚወርድ ተገኘ። ሥራው በበረታ መጠን ውድቀቱ ጨመረ። በሁለት ፈረቃዎች መካከል በቂ ዕረፍት ያገኙት ደግሞ ተሽለው ተገኙ።

ይህ ውጤት የጄኔቫ ተመራማሪዎች ቀደም ሲል በዓይን ምልከታ ካሳዩት ጋር ይስማማል። እጅ የሚጎድለው የሥራ ጫናው በሚበዛበትና ብዙ እጅ ማጽዳት በሚያስፈልግበት በዚያው ሰዓት ነው። በሌላ አነጋገር ሕመምተኛው ይበልጥ አደጋ ላይ በሚወድቅበት ሰዓት ባለሙያው ይበልጥ ደክሟል። ማንም ታዛቢ ቅጽና እርሳስ ይዞ ይህን በዚህ ስፋት ሊያሳይ አይችልም ነበር። እንግዲህ ያው ባጅ፣ ያው ቆጣሪ፣ ጥያቄው ሲለወጥ መልሱም ተለወጠ። ወደ ሠራተኛው ሲዞር ግድየለሽነትን ያየ መሣሪያ ወደ ሥራው ሲዞር ድካምን አየ። ለግድየለሽነት የሚታዘዘው መድኃኒት ተግሣጽ ነው፤ ለድካም የሚታዘዘው ግን ተጨማሪ ነርስና የተስተካከለ ፈረቃ ነው። የትኛውን ምርመራ እንደምንቀበል የሕሙማንን ዕጣ ይወስናል።

ለእኛ ተቋማት ምን ይወሰዳል?

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ስለ ኤሌክትሮኒክስ ክትትል መወያየት ቅንጦት ነው የሚል ሊኖር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት በዓለም ካሉ የጤና ተቋማት በሕክምና መስጫ ቦታም በመጸዳጃ ቤትም የእጅ ማጽጃ ያላቸው 51 በመቶ ብቻ ናቸው። ሮቶው በደረቀበት ቀን፣ ሳሙና በግዥ ሂደት ላይ ባለበት ወር፣ ያለችው አንዲት የአልኮል ጠርሙስ በኃላፊዋ ነርስ ቁም ሣጥን ተቆልፎባት ባለችበት ክፍል እጅን መቁጠር የሌለውን መቁጠር ነው። ሊታጠብበት የሚችል ነገር ያላቀረበ ተቋም እጅ አልታጠብክም ብሎ የመውቀስ የሞራል ሥልጣን የለውም።

ሌላም የአወቃቀር ልዩነት አለ። የማንሃሴቱ መሣሪያ የተመሠረተው አንድ በር አንድን ሕመምተኛ ይወክላል በሚል ግምት ላይ ነው። በእኛ አብዛኞቹ የተኝቶ ሕክምና ክፍሎች ግን በአንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ ብዙ አልጋዎች ተደርድረው ይገኛሉ። ነርሷ መድኃኒት ስታድል በአንድ በር አንዴ ገብታ ከአልጋ ወደ አልጋ ትሄዳለች። በበሩ የሚቆጥር መሣሪያ አንዴ እጇን በማጽዳቷ «አለፈች» ይላታል፤ በአልጋዎቹ መካከል የቀሩትን አጋጣሚዎች ሁሉ አያይም። ስለዚህ መሣሪያው እንዳለ ቢመጣ የሚሰጠን ውድ የሆነ የተሳሳተ ቁጥር ነው።

ይህ ማለት ግን ከጥናቶቹ የምንወስደው የለም ማለት አይደለም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው ንጹሕና ለሕሙማን ምቹ የጤና ተቋማትን የመፍጠር እንቅስቃሴ መንገዱን ጠርጓል። በዚህ መሠረት ላይ ሦስት ነገሮችን ለመጠቆም እንወዳለን።

አንደኛ፣ አልኮሉ ወደ አልጋው ይቅረብ። በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር መሠረት 10 ሊትር የእጅ ማጽጃ ለማዘጋጀት 96 በመቶ ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ 98 በመቶ ግሊሰሮል 145 ሚሊ ሊትር ይቀላቀልና የተጣራ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ተጨምሮ 10 ሊትር ይሞላል። ከዚያም ለ72 ሰዓት ይቆያል። ይህ በሆስፒታል ፋርማሲ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ታዛቢ የማይረብሸው ቆጣሪ በእጃችን አለ፤ እርሱም የመጋዘን መዝገብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የራስ ግምገማ ቅጽ ለ1,000 የሕመምተኛ ቀናት ቢያንስ 20 ሊትር የአልኮል ማጽጃ ፍጆታን እንደ መለኪያ ይጠቅሳል። ስሌቱ ቀላል ነው። 30 አልጋዎቹ ሙሉ የሆኑ ክፍል በ30 ቀን ውስጥ 900 የሕመምተኛ ቀናት ይኖሩታል፤ በመሆኑም በወር ቢያንስ 18 ሊትር መጠቀም ይገባዋል። ለአንድ ጊዜ ማሸት 3 ሚሊ ሊትር ቢያስፈልግ ይህ መጠን ለአንድ ሕመምተኛ በቀን ሰባት ጊዜ ገደማ እጅ ማጽዳትን ብቻ ያህላል። እንግዲህ ዝቅተኛው መጠን ይህን ያህል ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ በወር ሁለት ሊትር አውጥቶ 90 በመቶ አፈጻጸም የሚጽፍ ክፍል ቢኖር ከሁለቱ አንዱ ቁጥር ውሸት ነው። የፍጆታ መለኪያ ማን መቼ እንዳጸዳ አይነግረንም፤ አልኮሉ ሊፈስ ወይም ለሌላ አገልግሎት ሊውልም ይችላል። ሆኖም ሰው ሲያየው የማይጨምር፣ ሰው ሲሄድ የማይቀንስ ቁጥር በመሆኑ በምልከታው ቅጽ ላይ ሚዛን ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩ ለባለቤቶቹ ይመለስ። የማንሃሴቱ ሰሌዳ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቢሆንም ሥራውን በጠመኔ ሰሌዳም መሥራት ይቻላል። የክፍሉ የወር ፍጆታና የምልከታ ውጤት በነርሶች መቀመጫ አጠገብ ይጻፍ። በጠዋት ርክክብ ላይ ሲነሳም የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አላጸዳም?» የሚል ሳይሆን «ምን ጎደለን? በየትኛው ሰዓት ከበደን?» የሚል ይሁን። ሐኪሞችም በዚህ ውይይት ይገኙ፤ የነርሶች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ የሚታይ የእጅ ንጽህና ግማሹ እጅ ያልተቆጠረበት ነው። ውጤቱ ለደረጃ ዕድገት ወይም ለቅጣት ማስረጃ ሆኖ መቅረብ የጀመረ ዕለት ቁጥሩ ያምራል፤ እውነቱ ግን ይሸሻል።

መደምደሚያ

የእጅ ንጽህና የኤሌክትሮኒክስ ክትትል ሁለት ትልልቅ እውነቶችን አስተምሮናል። በዓይን ቆጥረን የምንጽፈው ቁጥር ከእውነተኛው ልማድ እጅግ ሊርቅ እንደሚችል አሳይቶናል፤ የእጅ መጉደልም ከድካምና ከሥራ ጫና ጋር የተሳሰረ መሆኑን በሚሊዮን በሚቆጠሩ አጋጣሚዎች አረጋግጦልናል። ከዚህ አልፎ ራሱ መድኃኒት ሆኖ ሲቀርብ ግን ማስረጃው ይሳሳል። በማንሃሴት እጅን የለወጠው ካሜራው ሳይሆን ተመልሶ የተነገረው ቁጥር ነው፤ ክትትሉ በተነሳባቸው ክፍሎች ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ሆኖ ተገኝቷል።

በመሆኑም ወደፊት ይህን መሰል መሣሪያ ለተቋሞቻችን ሲቀርብ ከዋጋው በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ። በአልጋው አጠገብ የሚሆነውን ያያል ወይስ በበሩ ብቻ ይቆማል? ውጤቱን መጀመሪያ የሚያየው ማን ነው? ድካም ሲመሰክር ተጨማሪ ነርስ ለመመደብ የሚያስችል ሥልጣንና በጀት ያለው ሰው ይሰማዋል? በተበላሸ ማግስትስ ክፍሉ ምን ይዞ ይቀራል? ለእነዚህ አጥጋቢ መልስ እስኪገኝ ድረስ በአልጋው ራስጌ የምትቀመጥ አንዲት የአልኮል ጠርሙስ፣ በጥንቃቄ የተያዘ የመጋዘን መዝገብና በርክክብ ሰዓት የሚነበብ ሐቀኛ ቁጥር ለወላዷም፣ ለአራስ ሕፃኑም፣ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለትም ከካሜራው የበለጠ ዋስትና ይሆናሉ።